የእማዬ የጋዝ ድርሻ

የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ እማዬ "አልመጣም" አለችኝ። ታማ አይደለም፣ ቪዛ ተከልክላም አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እኛ ጋ መጥታ ስትቆይ ለማሞቂያ ያቃጠልነው ጋዝ ሂሳቡ አልተዘጋም ነበር። ምን ያህል እንዳስወጣችን ቁርጡን ሳታውቅ ከአዲስ አበባ እግሯን እንደማታነሳ፣ በቪዲዮ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነገረችኝ። እኔ ይህን የምሰማው ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያበጠ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው።

ሂሳቡ የዘገየው በእኛ ጥፋት አልነበረም። ጋዝና መብራት የሚሸጥልን ድርጅት እማዬ እኛ ጋ እያለች ከሰረ። አንድ አፈ ቅቤ ሻጭ ልኮ ሕንፃችንን ከታች እስከ ላይ ያስፈረመ ድርጅት ነው። አንድ ቀን ጠዋት "ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛችን አይደላችሁም፣ ወደ ሌላ ተላልፋችኋል" የሚል መልእክት ደረሰን። ቤቱ አልቀዘቀዘም፣ መብራቱም ብልጭ አላለም። የመዝጊያውን ሂሳብ ግን ፍርድ ቤት የሾመው አጣሪ፣ አምስተርዳም ያለ ጠበቃ፣ ሠርቶ ይልክላችኋል ተባልን። ዘ ሄግ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ ስሄድ ባቡር ውስጥ ሆኜ እደውልና "መቼ?" እላለሁ። "ብዙ ሰው ወረፋ ላይ ነው፣ ይታገሡ" ይሉኛል። መታገሥ ደግሞ አልፈጠረብኝም። እማዬ አገሯ ገባች፣ እኔ አረገዝኩ፣ ሌላ ክረምት መጣ፤ ወረቀቱ ግን የለም።

"ሂሳቡ መጣ?" ትለኛለች በደወለች ቁጥር።

"አልመጣም።"

"እየደበቅሽኝ ነው።"

አንድ ቀን ሲሰለቸኝ "መጣ፣ ትንሽ ነው" ብዬ ልገላገላት ሞከርኩ። "እስቲ ወረቀቱን አሳዪኝ" አለች። የማሳየው አልነበረኝም፤ ያን ቀን ስልኩን የዘጋነው ሳንመራረቅ ነው።

ለማያውቃት ሰው ይህ ዝም ብሎ ግትርነት ይመስላል። ያደግኩበት ግቢ ግን ብዙ ቤት ነበረው፣ ቆጣሪው አንድ። የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ለየቤቱ ደልድላ የምትሰበስበው እማዬ ነበረች። ማን ካውያ እንዳለው፣ ማን በኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚያበስል፣ የማን አምፖል ሲበራ እንደሚያድር ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዷ ተከራይ አክስት ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጣችና ሰነበተች። የዚያ ወር ሂሳብ ከፍ አለ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሰላምታው ብቻ እያጠረ ሄደ፤ ቧንቧው ጋ ስትመጣ ጨዋታው ይቋረጥ ጀመር። ሴትዮዋ ሕክምናዋን ሳትጨርስ ተመለሰች። እማዬ ይህን ታሪክ ስታነሳ ሁልጊዜ የምትጨርሰው "ድርሻዋን ነግረናት ቢሆን ኖሮ ትከፍልና ትቀመጥ ነበር" ብላ ነው።

እኛ ጋ ስትቆይም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለቤቴ አንድ ምሽት ከጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ "የዘንድሮ ጋዝ ጉድ ሊያፈላብን ነው" ሲል ሰማችው። እሱ እንደ ማንኛውም ሰው የዜናውን ማውራቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኛ ለሥራ ስንወጣ ማሞቂያውን ሁሉ ትዘጋለች፣ ጋቢዋን ደራርባ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ልንመጣ ስንል ትከፍተዋለች። ይህን የደረስኩበት ራሴን አሞኝ ከቢሮ ቀደም ብዬ በገባሁበት ቀን ነው። ስትስመኝ ጉንጯ በረዶ ነበር። ጮህኩባት። እናቴን ብርድ ላይ ጥዬ ሞቃት ቢሮ ውስጥ ስውል መክረሜ አንጀቴን አሳረረው። እሷ ግን ሳቀችብኝ። "ጋቢ ታዲያ ለመቼ ነው?" አለች።

ወረቀቱ በመጨረሻ የመጣው ሰባተኛ ወሬን ጨርሼ ስምንተኛው ውስጥ ስገባ ነው። ከፈራሁት ያነሰ፣ ከተመኘሁት የበለጠ ዕዳ ነበር። የቆጣሪውን ንባብ ካለኝ ፎቶ ጋር አስተያየሁ፣ ልክ ነው። እዚያው በስልኬ ከፈልኩና የወረቀቱን ፎቶ ለእማዬ ላኩላት። "ይኸው፣ ተከፍሏል፣ አለቀ ደቀቀ፣ አሁን ቪዛሽን ጠይቂ" አልኳት። የምስራች ያበሰርኩ መስሎኝ ነበር።

"ድርሻዬስ?" አለች።

"የምን ድርሻ?"

"የእኔ ነዋ። ስንት ደረሰብኝ?"

"እማዬ፣ እናት ድርሻ የላትም!" ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ቤት ስላልነበረ የሚያስቆመኝ የለም። የጋዝ ሂሳብ የማስከፍላት ከሆነ ያሳደገችኝ ለምን እንደሆነ፣ ልጄ በወረቀት ምክንያት አያቷ በሌለችበት ለምን እንደምትወለድ፣ ብቻ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ድርሻ ከሌለኝ እዚያ ምን ልሠራ እመጣለሁ?" አለች ቀስ ብላ።

ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና አለቀስኩ። የበሩ ደወል የጮኸው ይሄኔ ነው።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። እሳቸውም ያን ሻጭ አምነው ፈርመው ነበርና የእሳቸውን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል።

"አይንድአፍሬኬኒንጉ፣ የመዝጊያው ሂሳብ፣ ላንቺም መጣ ወይ፣ ልጄ?" አሉና ፊቴን ሲያዩ ወረቀቱን አጠፉት። "ምን ሆነሻል?"

ወደ ስልኩ ጠቆምኩ። እማዬ ከጠረጴዛው ላይ ጣሪያችንን እያየች "ማነው?" ትላለች። ስልኩን አነሱ። ከዚያ ሁለት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ሰላምታ ጀመሩ። ጤናቸው፣ ልጆቻቸው፣ የአዲስ አበባ አየር፣ የሮተርዳም አየር፣ እሳቸው ወጣት ሳሉ የተከራዩበት ሰፈር፣ የዚያ ሰፈር ዳቦ ቤት። እንባዬ ደርቆ ትዕግሥቴ ማለቅ ሲጀምር "እንግዲህ እህቴ፣ እርስዎ በቅድሚያ ይናገሩ፤ አንቺ ደግሞ ተራሽን ጠብቂ" አሉ። በጋዝ ሂሳብ ሽምግልና ተቀመጥን ማለት ነው።

እማዬ ተናገረች፣ እኔም ተናገርኩ። እኔ ሳለቅስ ስላገኙኝ የሚፈርዱልኝ መስሎኛል።

"ያጠፋሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"እኔ? ከከፈልኩ በኋላ?"

"ስለከፈልሽ ነዋ። በሰው ቤት የማይከፍለው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ቀኑን እየቆጠረ ይቀመጣል፣ ማሞቂያ ለመክፈት ይሳቀቃል። እናትሽን እስከ መቼ እንግዳ ልታደርጊያት ነው? ድርሻዋን ንገሪያትና ተቀበያት።" ወደ ስልኩ ዞሩ። "እርስዎም ከከፈሉ በኋላ ብርድ ላይ መቀመጥ የለም። ይስማማሉ?"

"እስማማለሁ፣ ወንድሜ" አለች እማዬ። ድምጿ ተለወጠ። እኔ ለወራት ያህል ስለምናት እንደዚያ አልተለወጠልኝም ነበር፤ ትንሽ ቀናሁ።

ደልዳይዋ እማዬ ራሷ ሆነች። የተቀመጠችባቸው ወራት ብቻ ተለዩ፤ ለሦስት ሰው ተካፈለ። "ማታ ማታ ስለምትታጠቡ የእናንተ ትንሽ ይብለጥ" አለችና እሱንም አስተካከለች። ጭቅጭቁ የተነሳው ምንዛሬው ላይ ነው፤ እሷ በጥቁር ገበያው ካልሆነ አለች፣ እኔ ትንሽ እንድትከፍል በባንክ። ሽማግሌው በባንክ ፈረዱ። ለታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት በየወሩ የምልከውን ክፍያ የዚያን ወር እማዬ ከጡረታዋ ትከፍላለች፣ እኔ አልልክም። በዚህ ተስማማን። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩ "ተወራርዷል" ብላ ጽፋበታለች። ያን ገንዘብ መቀበል እንደ ምን ከበደኝ! ባለቤቴም ነገሩን ሲሰማ አፍሮ ደወለላትና "እማማ፣ እኔ እኮ እርስዎን ብዬ አልነበረም" አላት። "አውቃለሁ ልጄ፣ አሁን ግን እኔም ጋዝ ተወደደ ማለት እችላለሁ" ብላ ሳቀችበት።

ቪዛው ወጣ፤ እማዬ ልጄ ልትወለድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ገባች።

እዚህ አገር አንዲት ሴት ስትወልድ ክራምዞርግ የሚሏት የአራስ ተንከባካቢ ለተወሰኑ ቀናት ቤት ድረስ ትመጣለች። የእኛዋ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ቀልጣፋ ደች ነበረች። በመጀመሪያው ጠዋት ልጄን አገላብጣ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ "ንጹሕ አየር ያስፈልጋችኋል" ብላ የመኝታ ቤቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። የየካቲት ንፋስ ገባ። እማዬ አጥሚቱን አስቀምጣ ተነሳችና መስኮቱን ዘጋችው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ትንሽ ገርበብ አደረገችው። እማዬም ፈገግ ብላ ዘጋችው።

"ንገሪያት" አለችኝ እጇን መስኮቱ ላይ እንዳደረገች። "አራስ ላይ ንፋስ አይለቀቅም። ሙቀቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ከፍለንበት ነው በያት።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ "እናትሽ ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የቤቱ ባለቤት ናት፤ ይዘጋ ብላለች" አልኳት።