ላፕቶፑ የጮኸ ዕለት

ሙሉመቤት ከታመመች ወዲህ የምትፈራው ነገር በዝቶ ነበር። ደረጃ ትፈራለች፣ የመታጠቢያ ቤት እርጥብ ወለል ትፈራለች። ከሁሉም አብልጣ የምትፈራው ግን ስልክ ነው፤ ደዋዩ «ሄሎ» ብሎ መልስ ሲጠብቅ ምላሷ ይታሰርባታልና።

በዐቢይ ጾም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስግደት ቀና ልትል ስትል ነው ቀኝ ጎኗ የከዳት። ስትሮክ ነው ተባለ። ሐበሻ በሚበዛበት የስደት ሰፈር፣ ኢስትሊ ውስጥ፣ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ዕድሜዋን ትኬት ስትቆርጥ የኖረች፣ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በስዋሂሊ እያለች ሦስት ደንበኛ በአንዴ የምትሸኝ ሴት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ የባሏን ስም መጥራት አቃታት። አለኸኝ እጇን ይዞ «አለሁ፣ ሙሌ፣ እዚሁ ነኝ» ይላታል። ታውቀዋለች። ስሙ ግን አፏ ደርሶ ይመለሳል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀስ በቀስ ተሻላት። በምርኩዝ መራመድ ጀመረች። ቃላቱም፣ ከስደት እንደሚመለስ ሰው፣ አንድ አንድ እያሉ መጡ። የንግግር ሐኪሟ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በየቀኑ አንብቢ። የምትወጂውን አንብቢ» ብላ አዘዘቻት። ሙሉመቤት የምትወደው ዳዊት መድገም ነው፤ ነገር ግን የመጽሐፏ ፊደል ደቃቅ ሆኖ ዓይኗ ላይ ይተራመስባታል። አለኸኝ የዱሮ ላፕቶፗን አራግፎ፣ ዳዊቱን ከኢንተርኔት ከፍቶ፣ ፓርክላንድስ ባለው ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አኖረላት። በደህናው በግራ እጇ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ስትጫን ፊደሉ የጣት ያህል እየሆነ ይወጣላታል። እንዲያ እያደረገች፣ እየተንተባተበች፣ አንዱን መስመር ሦስቴ እየጀመረች ትደግም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለኸኝ ኢስትሊ ወዳለው የቅመማ ቅመም ሱቁ ሄዶ ብቻዋን ነበረች። ሰፊ ፊደል ያለው ሌላ ገጽ ስትፈልግ ማያው፣ ስክሪኑ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ትጠፋልኝ ብላ ተጫነቻት።

ላፕቶፑ ጮኸ። የአምቡላንስ የመሰለ ጩኸት ነው። ማያው ቀይ ሆነ፣ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ ይናገር ጀመር፤ «ኮምፒውተርዎ በአደገኛ ቫይረስ ተይዟል። እንዳያጠፉት። አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።»

ሙሉመቤት ፊቷን ወደ ማያው አስጠጋች። መዝጊያውን ምልክት ፈለገች፣ የለም። ቁልፎቹን ነካካች፣ ጩኸቱ ባሰ። ደም ግፊትሽ እንዳይነሳ፣ እንዳትደነግጪ ብለዋታል ሐኪሞቹ፤ አሁን ድንጋጤው ራሱ ሌላ ድንጋጤ ወለደባት። ይህ ጩኸት ዝም ይበል እንጂ ሌላው ይደርሳል ብላ፣ ያን የምትፈራውን ስልክ አንስታ ደወለች።

አንድ ሰው አነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «አይዞሽ ማዳም፣ ልረዳሽ ነው ያለሁት» አላት። ይህን ክፈቺ፣ ያን ጫኚ፣ የሚታይሽን ቁጥር ንገሪኝ አላት። እየተንተባተበች ነገረችው። ጩኸቱ ቆመ፤ «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት ግን ማያው ላይ ያለችው ቀስት በራሷ ተንቀሳቀሰች። እጇ ጭኗ ላይ ነው። ቀስቷ ትሄዳለች፣ ፎቶዎቿን ትከፍታለች፣ ኢሜይሏን ትከፍታለች።

«ምን... ምን... አቁም» ለማለት ሞከረች። የወጣው «አ... አ...» ብቻ ነው።

ሰውየው ለስላሳነቱን ተወ። «እንዳትነኪው! ከነካሽው ያለሽ ሁሉ ይጠፋል።»

ሙሉመቤት እጇን ከቁልፎቹ አራቀች። ገዛ ቤቷ ውስጥ፣ በሯ ተቆልፎ፣ ሌባ ገብቶባት መጮህ አልቻለችም። «እግዚኦ» አለች በልቧ፤ አፏ እንቢ ቢላትም ልቧ አልታሰረም። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው የዋይፋይ ሳጥን ላይ ወደቀ። ሰውየው የገባው በበር አይደለም፤ በዚያች ሳጥን ነው የገባው።

ምርኩዟን ሳታነሳ ተነሳች። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ቀኝ እግሯ ተጠለፈና በጉልበቷ ወደቀች። ሕመሙን ከቁብ ሳትቆጥር እየዳኸች ሄዳ ሽቦውን በግራ እጇ ይዛ ጎተተች። የሳጥኑ መብራቶች ጠፉ። ቀና ብላ ስታይ ቀስቷ ማያው መሐል ደርቃ ቆማለች።

ወዲያው ስልኳ መጥራት ጀመረ። ዘጋችው። ደግሞ ጠራ።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ራሷ ሲዞርባት ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ መጣብኝ፣ ያው በሽታ ተመለሰ። ስትሮክ መምጣቱ እንዴት እንደሚለይ ሆስፒታል ያስተማሯትን አስታወሰች። በጠፋው ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ፊቷን እያየች ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ ከዱሮው የባሰ አልተጣመመም። እጆቿን አነሳች፤ ቀኙ እንደወትሮው ዘግይቶ ተከተለ። ከዚያ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። እያንዳንዱን ቃል አፏ ላይ እያመዛዘነች እስከ አሜን ዘለቀች። ስትጨርስ አለቀሰች።

ለአለኸኝ አልነገረችውም። ብትነግረው ሱቁን ዘግቶ ሊጠብቃት ነው። ከዚያም በላይ ደግሞ «ጭንቅላቷም ተነክቷል» እንዳይል ፈራች። ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ሰውየው እንዳያያት ካሜራው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እዚያም ሆኖ የሚያያት ይመስላታል። ልብሷን ከቁም ሳጥኑ ስታወጣ ፊቷን ታዞራለች። ማንበብ ተወች። ምላሷ መልሶ ከበደ።

አለኸኝ ዝምታዋን ታዝቦ ቆየና፣ እሑድ እሷ ቤት ቀርታ ከቅዳሴ ብቻውን ሲመለስ ጠየቃት። «ሙሌ፣ ዳዊቱን ለምን ተውሽው?»

«ደከ... ደከመኝ።»

አልመሰለውም። ላፕቶፑን ፈልጎ፣ ከእነ ፕላስተሩ ተጠቅልሎ አገኘው። እጁ ላይ ስታየው ወደ ኋላ ሸሸች፤ ያኔ በቁርጥራጭ ቃል ሁሉንም ነገረችው። አለኸኝ አልተቆጣም። አጠገቧ ተቀምጦ አዳመጠና ላሚያን ጠራት። ላሚያ ድሬዳዋ ተወልዳ ኢስትሊ ያደገች፣ ከሱቁ ጎን ኮምፒውተር የምትጠግን ጎረቤቱ ነች።

ላሚያ መጣች፤ አልሳቀችም። «እትዬ ሙሉ፣ ፖሌ ሳና፣ አይዞሽ። ስሚኝ፤ ያ የጮኸብሽ ቫይረስ አይደለም። እንደ ማንኛውም ገጽ አንድ ገጽ ነው፣ ሥራው ማስፈራራት ብቻ ነው። መዝጊያ ካጣሽለት ማብሪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው፤ ማያው እስኪጨልም አትልቀቂው። መደወል ግን በፍጹም! እውነተኛ ድርጅት እንዲህ ጮኾ ደውሉልኝ አይልም። ኢንተርኔቱን መቁረጥሽ ግን አድኖሻል።»

ሰውየው ያስጫናትን ፕሮግራም ነቅላ ጣለች። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በራሷ ስልክ ቀየረች፤ የባንኩንም እንዲሁ አስቀየረች። ከዚያ የተላኩትን መልእክቶች ስታይ እጇ ቆመ።

«እትዬ ሙሉ፣ ይህን አንቺ ጽፈሻል?»

ሙሉመቤት አነበበች። በስሟ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸው አባላት ሁሉ የተላከ ነው። ሕመሙ ተመልሶባት ሆስፒታል መግባቷን፣ ስልኳ መበላሸቱን፣ እርዳታ በዚህ ቁጥር እንዲልኩላት፣ አለኸኝ ደንግጦ እንዳይወድቅባት ለእሱ እንዳይነግሩት ይላል። ያን ቀን እየዳኸች የነቀለችው ሽቦ ዘግይቶ ነበር፤ ሰውየው የይለፍ ቃሏን ቀድሞ ወስዶ ስለ ሕመሟና ስለ አለኸኝ ከኢሜይሎቿ አንብቧል። እሷ ደግሞ በፍርሃት ዝም ባለችባቸው ቀናት ሰውየው በእሷ አፍ ሲናገር ሰንብቷል።

«አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ» አለ አለኸኝ።

«በጽሑፍ ማን ያምናል?» አለች ላሚያ። «የመጀመሪያውም ጽሑፍ ነበር። ድምፅዋን ይስሙ።»

ሙሉመቤት ራሷን ነቀነቀች። ከታመመች ወዲህ ለማኅበሩ እህቶች በስልክ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም፤ በዚህ በተሰበረ ምላሷ እንዲሰሟት አልፈለገችም። ነገር ግን ምስኪኖቹ ለእሷ ሲሉ ከጉሮሯቸው ነጥቀው ለሌባ ይልካሉ። ከአለኸኝ እጅ ስልኩን ተቀበለች። ለማኅበሩ ሁሉ የሚላከውን የድምፅ መልእክት መቅጃ ተጫነችና አማተበች።

«እኔ ሙሉ... ሙሉመቤት ነኝ። ቤቴ ነኝ። ደ... ደህና ነኝ። ያ መልእክት የ... የእኔ አይደለም። ሌባ ነው። ም... ምንም አትላኩ። ይቅር በሉኝ፣ ቀድሜ አልነገርኳችሁም።»

ብዙ ሳይቆይ የማኅበሩ ጸሐፊ ብሩክታዊት ደወለች። ሙሉመቤት ራሷ አነሳችው። በዚያኛው ጫፍ ለቅሶ ነው የተሰማት። «ሙልዬ! እንደዛ ስትይ ነው ያመንኩት፤ እንደ ድሮሽ ብትናገሪ ኖሮ ሌባው መስሎኝ እዘጋው ነበር።» ሁለት ሴቶች አስቀድመው ልከው ኖሯል፤ የላኩት አልተመለሰም። የቀሩት ግን ተርፈዋል። ሁለቱ «ለአንቺ ብለን ነው የሰጠነው፣ እግዚአብሔር ያየዋል» አሏት። እሷ ግን ዛሬም ሲታወሳት ያንገበግባታል።

ፍርሃቱም ጨርሶ አልለቀቃትም። ላፕቶፑ «ቲንግ» ባለ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ፕላስተሩንም ከካሜራው ላይ አላነሳችውም፣ ላሚያም «ተዪው፣ ደግ አደረግሽ» ብላታለች። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች፣ ፊደሉን ታሳድጋለች፣ ትደግማለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአባላቱ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ባንታየሁ ከሰው ገለል አድርገዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ትናንት የእኔም ኮምፒውተር ጮኸብኝ። ቁጥር ሰጥቶኛል። ነገ ልደውል ብዬ...»

«አ... አይደውሉ!» አለች ሙሉመቤት። ሰዎች ዘወር ብለው አዩዋት፤ ግድ አልሰጣትም። ክንዳቸውን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ ቃላቱ እስኪመጡላት እየጠበቀች፣ ማብሪያው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ታስረዳቸው ጀመር።