ለበቅሎ ብዬ የቀየርኩት ዘይት

ማክሰኞ፣ ከደብረ ብርሃን

ከቤት የወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። መንገዴ ወደ መንዝ ነው። ሥራዬ የወፍጮ ሞተር መጠገን ስለሆነ ያንን አገር ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ የዛሬው ግን የሥራ ጉዞ አይደለም። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየሁትን ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክሌ አሮጌ ነው፤ ዳገት ላይ ይደክማል። ጓደኞቼ «ማርሚታውን አስቆርጠው፣ ይተነፍሳል» አሉኝ። ማርሚታ የምንለው ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ድምፅ የሚያፍነውን ወፍራም ቱቦ ነው። በያጅ ዘንድ ወስጄ አፉን አስቆረጥኩ፣ ሆዱን አስጠረግኩ። ጉልበት ጨመረ ወይ ብትሉኝ አልጨመረም፤ የጨመረው ቤንዚን መጠጣት ነው። ድምፁ ግን ልቤን ሰረቀው። በገደል አፋፍ ስነዳ ጩኸቱ ከማዶ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ሌላ እኔ በወዲያኛው ተራራ ላይ እኩል እየነዳ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከእሱ ጋር ስሽቀዳደም የምውልበት ቀን ነበር።

ባለፈው ጥር ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ እንዲሁ እያለምኩ ነበር። አንድ ጥምዝ ላይ ስደርስ የዚያ አገር ካህን መምሬ ጥላዬ በበቅሎ ተቀምጠው ከፊቴ ብቅ አሉ። በቅሎዋ ደነበረች፣ እሳቸው ወደቁ፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት አድርሼ ሁለት ቀን አስታመምኳቸው። ቤተሰቦቻቸው ሲመጡ ግን ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በሰው በሰው ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አጥንታቸው ገጥሟል፣ በምርኩዝ ግቢያቸው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ አሉኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ለደህና እግር እንኳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በበቅሎ እንዳይሄዱ ደግሞ በቅሎዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ገመድ ትበጥሳለች፤ መንገዱም ሞተር የማይጠፋበት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱበትን ደብር ካዩ ዐሥራ አንድ ወር ሆናቸው ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያ የምወደው ድምፅ አስጠላኝ።

ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት ደህና ማርሚታ አስገጠምኩ፤ ዘይትም ቀየርኩ። ዘይት ሻጩ ሃያ ሃምሳ የሚባለውን ወፍራሙን፣ ሊትሩን በስምንት መቶ ብር ሰጠኝ። አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል፣ ድምፅም ይቀንሳል አለኝ። እኔ የሰማሁት ድምፅ ይቀንሳል ያለውን ብቻ ነው።

ጣርማ በር ስደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሻይ ቤት ገብቼ በአንድ ብርጭቆ ሻይ እጄን ሳሞቅ፣ እስከ ዘመሮ ሰው በሞተር የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀመጠ። የእሱ ማርሚታ የተቆረጠ ነው፤ የእኔን ሙሉ ማርሚታ አይቶ አዘነልኝ። በዚህ ጉም የጭነት መኪና ሹፌር የሚያይህ በጆሮው ነው፣ ካልሰማህ ይደፈጥጥሃል አለኝ። ውሸት አይደለም፤ ሻዬን ጨልጬ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ክላክስ እያሰማሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሞተሩ ዝም ሲል አገሩ መናገር ጀመረ። ከመንገዱ በታች ውሃ ይወርዳል፤ ስንት ዓመት ስመላለስ እዚያ ውሃ እንዳለ አላውቅም ነበር። የማላያቸው በጎች ደወል በቀኜ አለፈ። የሆነ ሰው ጉሙ ውስጥ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ያርሳል፤ ድምፁ እንጂ እሱ የለም። እየነዳሁ ይሁን እየተኛሁ የሚያጠራጥረኝ ጊዜ ነበር። መዘዞን አልፌ ከፍ ስል ጉሙ ከእግሬ ሥር ቀረ፣ ሜዳው ወለል አለ፣ ፀሐይዋ የገብሱን ነዶ ታሞቅ ጀመር።

ሞላሌ ላይ ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን በላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመምሬ ሰፈር ስደርስ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቼ ገፋሁት። የድንጋይ ቤታቸው ክዳን የጓሳ ሣር ነው። «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። የመምሬ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ወጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና መንገዱ ዐሥራ አንድ ወር ይፈጃል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

መምሬ ጥላዬ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ካሰብኩት በላይ ከስተዋል። እንደ አገሩ ወግ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ፊታቸው ተንበረከክሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ድንጋዩን አውርድ» አሉ። «እኔማ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብዬሃለሁ፤ ካህን ቂም ይዞ አያድርም። የተቀየመችህ እሷ ናት። ከቻልክ እሷን ለምናት።»

በምርኩዛቸው ያመለከቱኝ ወደ በቅሎዋ ነው። መልኳ ዳማ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ስሟም ዳማ ነው። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች።

ረቡዕ

ሌሊቱን ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ለብሼ ተኝቼ በጠዋት ተነሳሁ። ሞተሩ እንደ ድሮው እንደማይጮህ ላሳያት ብዬ ከግቢው ራቅ አድርጌ ረገጥኩት። አልነሳም አለ። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ብርዱ ዘይቱን አርግቶት ኖሮ ውስጡ ሁሉ ታስሯል። ትዕግሥቴ አልቆ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ከፈትኩለት። ሲነሳ ከነማርሚታው እያጓራና እየተንኳኳ ተነሳ። ዳማ ገመዷን በጥሳ የድንጋዩን አጥር ዘላ ሄደች። የተገኘችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወይዘሮ አስካለ ለዕርቅ ነው ለፍጅት የመጣኸው አሉኝ።

ሞተሩን እየገፋሁ ድምፁ እስከማይሰማበት ድረስ ርቄ ወደ ሞላሌ ነዳሁ። እዚያ ጌታነህ የሚባል የማውቀው የሞተር ጠጋኝ አለ። የዘይት መለኪያውን ስቦ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ሳቀብኝ።

«ይህ እኮ የመርሐቤቴ ሰው ዘይት ነው። ጀማ ወንዝ ወርዶ በሙቀት ለሚወጣ ነው። እዚህ አገር ወፍራም ዘይት ከተጠቀምክ ማታ ማታ ለሞተሩም ባና ታለብሰዋለህ።»

ቀጭኑን፣ አስር አርባ የሚባለውን ላድርግልህ፣ በውርጭ በመጀመሪያ ርግጫ ይነሳል፣ ቤንዚን ሳትጨምርለትም ቀስ ብሎ ይሞቃል አለኝ። ነገር ግን የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ቀለበቱ፣ ያረጀ ስለሆነ ቀጭን ዘይት ያሳልፋል፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። «የቱ ይበልጥብሃል፣ ሞተርህ ወይስ የሰው በቅሎ?» አለኝ። በዚህ ሞተር ነው እንጀራ የምበላው። ቢሆንም ቀጭኑን አድርግልኝ አልኩት።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ

ረቡዕ ማታ ለመምሬ የሆነውን ነገርኳቸው። ወይፈን እርሻ ስታለምድ ቀንበሩን በመጀመሪያው ቀን አንገቱ ላይ አትጭንበትም፣ እንዲያሸተው ታደርጋለህ አሉኝ። ይህን ከአባታቸው ነው የተማሩት። እኔ ስንት ሞተር ስፈታ ስገጥም ኖሬ ይህን አላሰብኩም።

ሐሙስ ሞተሩን ሳላስነሳ ግቢው መሐል አቆምኩትና ወንበሩ ላይ ሁለት እፍኝ ገብስ አፈሰስኩ። ዳማ እስከ ቀትር ከሩቅ ስታየው ቆየች። ከሰዓት በኋላ ማንም የማያያት ሲመስላት መጥታ በላች። ወይዘሮ አስካለ ከበር ጀርባ ሆነው ያዩ ነበር፤ የዚያን ቀን ራቴን ጨመር አድርገው ሰጡኝ።

ዓርብ በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ አስነሳሁት። በአንድ ርግጫ ተነሳ፣ ከጉሮሮው በታች እንደሚያጉተመትም ሰው ዝቅ ብሎ። የዳማ ጆሮ ቆመ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አልተበጠሰም። አጠፋሁ፣ ገብስ ሰጠኋት። ደግሞ አስነሳሁ። እንዲህ ስንል ዋልን። ቅዳሜ ሃምሳ እርምጃ፣ እሑድ ሃያ።

የእነዚያ ጠዋቶች ነገር በቃል የሚነገር አይደለም። ከሸለቆው የሚወጣው ጉም ግቢውን ይሞላል፤ ቤቱ ይጠፋል፣ አጥሩ ይጠፋል፣ እኔና ሞተሩ ብቻ እንቀራለን። ዳማ የት እንዳለች የማውቀው በትንፋሿ ነው። ወፎቹ ሞተሩን ለምደውት እላዩ ላይ ሊያርፉ ምንም አይቀራቸው። ሰዓቴን ማየት ተውኩ። ከመምሬ የጸሎት ድምፅና ከሞተሩ ማጉተምተም የቱ የቱ እንደሆነ የሚምታታብኝ ጊዜ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ አርፌ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ እየሠራ ዳማ ራሷ መጣችና ከወንበሩ ላይ ገብሷን በላች። ሲያልቅባት ከንፈሯን የቤንዚን ታንከሩ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ሙቀቱ ተስማምቷት መሰለኝ። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መምሬን ደግፈን ኮርቻው ላይ አወጣናቸው፤ እኔ ሞተሩን እየነዳሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ በበቅሎ፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብርዱ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ማክሰኞ፣ መመለሻ

የሚጠብቀኝ ወፍጮ ስለነበር መሄድ ግድ ሆነብኝ። መምሬ መርቀውኝ ሲያበቁ የሁለታችንንም ስጋት ተናገሩት።

«የአንተን ለመደች። የሰውን ሞተር ግን አላውቅም። እሑድ እሞክራታለሁ፤ ከጣለችኝም እግዚአብሔር ያውቃል።»

ይቅርብዎ፣ ሌላ ጊዜ መጥቼ እስከ ደብሩ ላድርስዎ ብዬ ለመንኳቸው። ዘወትር ልታደርሰኝ ነው ወይ አሉኝ። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ቁልቁል የወረድኩት። አንዱን ሞተር ዝም ማሰኘት ችያለሁ፤ በዚያ መንገድ የሚያልፉትን ሁሉ ምን ላደርጋቸው ነው? ጣርማ በር ላይ ጉም አልነበረም፤ ሸለቆው እስከ ታች ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር፤ እኔ ግን እሱን የማይበት ልብ አልነበረኝም።

ደብረ ብርሃን ገብቼ ዘይቱን ስለካው ጌታነህ እንዳለው ቀንሷል። ሞተሩ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ስነሳ ይቅርታን በድንጋይና በጥቂት ቃል የሚያልቅ ነገር አድርጌ ነበር የገመትኩት፤ እንደ በሬ ማለማመድ በየጠዋቱ የሚሠራ መሆኑን ያስተማረኝ ይህ ጉዞ ነው። የበደልኩት ሰው ፊት ለመቆም ዐሥራ አንድ ወር መፍራቴም እስካሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ እስከ ቀትር ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ጠራ። መምሬ ናቸው።

«ደረሱ?» አልኳቸው ሰላምታውን እንኳ ሳላስቀድም።

«ደርሼ፣ አስቀድሼ ተመለስኩ። አደራረሴ ነው ጉዱ» አሉና ይስቁ ጀመር። ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እንደነገሩኝ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ማርሚታው የተቆረጠ ሞተር ከኋላ እንደ ነጎድጓድ መጥቶ አለፋቸው። ኮርቻውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳማ ግን አልደነበረችም፤ ገብስ የጫነ መስሏት ሞተሩን ተከትላ መጋለብ ጀመረች። ልጓም ቢስቡ የምትሰማ አልሆነችም፤ ወደ ደብሩ የሚታጠፈውን መንገድ አልፋ ሄደች። ባለሞተሩ ጎረምሳ ዞር ሲል ጥምጥማቸው የተፈታ ካህን በበቅሎ ሲያባርሩት አየ፤ ምን በድዬ ነው ብሎ ደንግጦ ቆመ። ዳማ ደርሳ ወንበሩን ታሸት ጀመር። ጎረምሳው ነገሩ ሲገባው ሞተሩን አዙሮ፣ በሰው እርምጃ ፊት ፊት እየመራ ከደጀ ሰላሙ አደረሳቸው፤ ራሱ ደግፎ አወረዳቸው። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ጳጳስ የመጣ መስሎት ብድግ አለ።

«ከመሬት ስሳለም አለቀስኩ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያም ቀጠሉ። «ያንን ጎረምሳ፣ ሁለተኛ በዚህ ስታልፍ ኪስህ ገብስ ያዝ ብዬዋለሁ። የማርሚታውንና የዘይቱን ነገር ግን እኔ ስለማላውቅ፣ የሚያውቅ ልጅ አለኝ ብዬ ያንተን ስልክ ሰጥቼዋለሁ።»