ምስጡ የወጣበት መደብ

ቤታችንን የሚያዩ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በስልካቸው ያነሡታል። «እንዴት ያለ ሸጋ ቤት ነው! ቅርስ እኮ ነው!» ይሉኛል። እኔም «ግቡና እደሩበት» እላቸዋለሁ። እስካሁን የደፈረ የለም። የድሮ ቤት ውበቱ ለአላፊ አግዳሚ ነው፤ ለነዋሪው የሚተርፈው ማከክ ነው።

ቤቱ ጎንደር መሀል ከተማ፣ አጥር ከአጥር በተጣበቀበት ሰፈር ውስጥ ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ የጣውላ ፎቅ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። እናቴ ከአባቷ ወረሰችው፤ እኔ ከእናቴ። ከቤቱ ጋር አብሮ የሚወረሰውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ኮርኒሱ ላይ አይጥ፣ ጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ትኋን፣ ወለሉ ላይ ቁንጫ።

ለአይጡ ድመት አመጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን አደነች። ኋላ ከሚስቴ እጅ ወተት ስትለምድ ከአይጦቹ ጋር ታረቀች። ሚስቴ «በባለቤቷ ወጥታ ነው፤ ከጠገበች አትነሣም» አለችኝ። ድመቷን ትቼ ጠርሙስ ሰባበርሁና ከሲሚንቶ ጋር ለውሼ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንሁ። ሲሚንቶ ብቻውን ከሆነ አይጥ ይቦረቡረዋል፤ ጠርሙስ ሲኖርበት ግን ይተወዋል። ትኋኑን በፈላ ውሃ ነው የገጠምሁት። ከጣውላ ጣውላ እየዞርሁ አፈሰስሁበት፤ አልጋውን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አሸነፍሁት አልልም። አስፈራሁት።

ምስጥ ግን አይጮኽም፣ አይነክስም፣ አይታይም። መኖሩን ያወቅሁት በደብተሬ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ ወዲያ ነው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ነበረ፤ የሚልከኝ ነው ያጣሁ። ስለዚህ ልጄን ከምታክል አስተማሪ ፊት ከሌሎች ሽማግሎች ጋር ተደርድሬ ሀ ሁ አልሁ። የመጀመሪያ ደብተሮቼን አልጣልኋቸውም። በካርቶን አድርጌ የእናቴ መደብ ላይ፣ ግድግዳ አስጠግቼ አኖርኋቸው። መደቡ ከጭቃ ተደልድሎ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። እናቴ በገዛ እጇ ነው የሠራችው። የሞተችውም እዚያው ላይ ነው።

ባለፈው በጋ ለሚስቴ የእጅ ጽሕፈቴን ላሳያት ብዬ ካርቶኑን አወረድሁ። የደብተሩ ሽፋን ደህና ነበር። ስገልጠው ውስጡ አፈር ሆኗል።

«አየህ፣ ካንተ ቀድሞ አንብቦ ጨረሰው!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ከመደቡ በላይ፣ ፎቁን የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት በመዶሻ እጀታ መታ አደረግሁት። እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ይኼን ጊዜ ሚስቴም ሳቋን አቆመች።

«ይኼ እንጨት ክረምቱን አይችልም» አለች። «ዝናቡ ሲጀምር፣ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ እንደተኛን ነው የሚወርድብን። ክረምቱ ሳይገባ ካላበጀኸው እኔ ማራኪ ሰፈር ልጄ ጋ እሄዳለሁ። አንተ ከቅርስህ ጋር ተቀመጥ።»

ልጃችን ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሚስቴ ሻንጣዋን ሞልታ በሩ ሥር ወለሉ ላይ አቆመችው። ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ማስፈራራት አታውቅበትም፣ የምታደርገውን ትናገራለች፣ የተናገረችውን ታደርጋለች። እኔም እሷን ተከትዬ በልጄ ክፍል ጥግ ፍራሽ ላነጥፍ አልፈለግሁም፤ ወና ቤት ውስጥ ብቻዬን ከአይጥ ጋር ላወራም አልፈለግሁም። ሁለቱም እንዳይሆን ቆረጥሁ።

ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ እንጨቱን ቀባሁት። ቤቱ እንደ አሮጌ መኪና ሸተተ፤ ምስጡ በሌላ በኩል ወጣ። አመድ ነሰነስሁ፤ በአመዱ ላይ ተራመደ። ገበያ ውስጥ አንዱ «ለምስጥ ነው፣ ፍቱን ነው» እያለ መርዝ ሊሸጥልኝ ነበር። እሽጉን ተቀብዬ ቀስ እያልሁ አነበብሁት። ለእህል ነቀዝ ይላል። «ጽሑፉ እንዲያ አይልም» ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አባባ፣ ያነባሉ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የቸገረኝ ነገር ቢኖር መሳደቡን በልክ ማድረግ ነው።

በግድግዳ የምንገናኘው ጎረቤቴ ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ከወዲህ እኔ፣ ከወዲያ የእሳቸው ሱቅ። ምስጥ ጨርቅም ይበላልና እሳቸውስ እንዴት እንደሆኑ ልጠይቅ ሄድሁ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ጋ ምስጥ አልገባም?»

«ምን ሊበላ? እኔን? እኔ እኮ ደርቄ አልቄያለሁ!»

«አይቀልዱብኝ። ቤቴ ሊወድቅ ነው።»

«እንግዲያማ ግባና እይ» አሉና የጨርቁን ጥቅል ወዲያ ገፉልኝ።

አየሁ። ድንጋዩ ያው የእኛው ድንጋይ ነው፣ ኖራውም ያው። አንድም የምስጥ መንገድ የለበትም። «ግድግዳው አንድ፣ በዪው ለእኔ ብቻ!» እያልሁ ተመለስሁና የእኔን ወገን ፊት ለፊት ቆሜ ተመለከትሁት። ድንጋይ ፈለግሁ፤ አይታይም። የእሳቸው ግድግዳ ራቁቱን ነው፤ የእኔ ለብሷል።

በእኛ ቤት ለእንቁጣጣሽ ይለቀለቃል፤ ለጥምቀትም ይለቀለቃል። ለጥምቀት ከየገጠሩ እንግዳ ይመጣል፤ ግድግዳው ሳይለቀለቅ እንግዳ መቀበል ነውር ነው። ጭቃ፣ እበት፣ ጭድ። ሚስቴ ትለቀልቃለች፤ ከእሷ በፊት እናቴ ትለቀልቅ ነበር፤ ከእናቴ በፊት የእናቴ እናት። አሮጌውን ማንም አይልጠውም፤ አዲሱ በላዩ ላይ ይደረባል። በቢላ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት እየተላጠ መጣ። ከእያንዳንዱ ልጥ ሥር ጭዱ ተበልቶ ባዶ ቦዩ ቀርቷል። ቦዩን በጣቴ ተከተልሁት። ወደ ላይ አግዳሚው እንጨት ውስጥ ይገባል። ወደ ታች ደግሞ የእናቴ መደብ ውስጥ።

መንገዱን የጠረግንለት እኛ ነን። በየበዓሉ፣ እየዘፈንን።

ታላቅ እህቴ እንፍራንዝ ነው የምትኖረው። መደቡ የእሷም እናት መደብ ነውና ሳልነግራት መንካት አልሆነልኝም። ደወልሁላት።

«እታለም፣ መደቡን ላፈርሰው ነው።»

«ምነው! ምነው ወንድሜ! እስክመጣ እጅህን ሰብስብ!» ብላ ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። ሰላምም አላለችንም። ቀጥ ብላ ገብታ መደቡ ራስጌ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች።

«እናቴን ደግመህ ልትቀብራት ነው?»

«እታለም፣ ተነሽ።»

«አልነሣም። ከፈለግህ ከነእኔ ቆፍረህ አውጣው።»

ሚስቴ ለማብረድ ብላ «እታለም፣ ከመንገድ ነው የመጣሽ፣ እህል ቅመሽ» አለቻት።

«አንቺ ሻንጣሽን በር ላይ አቁመሽ ነው የምታስተናግጅኝ?»

እኔ ዶማዬን አነሣሁና ከግርጌ በኩል ጀመርሁ። እህቴ ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ። አፈሩን እየዛቅሁ ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ እሷ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ትራገማለች። «ይኼን እጅህን ምስጥ ይብላው!» «ጀምሮታል እኮ፣ ከቤቱ ነው የጀመረው» እላለሁ። ሰው ሁሉ ግትር ይለኛል። ግትርነትን ማን እንዳስተማረኝ ያን ቀን ቤቴ የነበረ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ዶማው ክፍት ነገር አገኘ። ጭቃው ተገምሶ ወደቀና ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ ጎሬ ታየ፤ ነጩ ነገር በብርሃኑ ደንግጦ ይራወጣል። «ነይ እዪ» ልላት ቀና ስል እህቴ የለችም። ማለት አለች፤ ግን አጥራ ነው ያየኋት። የተቀመጠችበት መደብ ሥሩ ባዶ ኖሮ በእኔ ቁፋሮ ተናግቶ ተደረመሰና እስከ ወገቧ ይዟት ሰጠመ።

ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

እህቴ አልሳቀችም። ከአጠገቧ የፈረሰውን አፈር በእጇ ዘግና አየችው።

«እናቴ እዚህ ላይ ነው የተኛችው?»

«አዎ።»

«ሥሯ ይኼ እያለ?»

«አዎ እታለም።»

አፈሩን ጣለችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ስቤ አወጣኋት። ቀሚሷን አራግፋ ዶማውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እንዲህ ነው የሚቆፈር? ከሥሩ ነው እንጂ! አንተ ከተሜ!» አለችና ራስጌውን ራሷ አፈረሰችው። እያፈረሰች ታለቅስ ነበር፤ እኔም አላየሁም ብዬ አፈር አመላለስሁ።

ከመሄዷ በፊት አንገቷን አቅንታ አግዳሚውን እንጨት አየችውና «እኔ ጋ የወይራ ግንድ አለ። ለራሴ ቤት ምሰሶ ብዬ ያኖርሁት ነው። መኪና ልከህ አስመጣው» አለችኝ። «ይቅር ብዬህ ግን አይደለም።»

አስመጣሁት። ፎቁን በባሕር ዛፍ አጣና ደግፈን የበሰበሰውን እንጨት ጫፍ ቆረጥን፤ ከሥሩ የወይራውን ምሰሶ አቆምን። ምሰሶው አፈር እንዳይነካ እግሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፍሁት። የግድግዳውን ልጥ እስከ ወገቤ ቁመት ፍቄ ድንጋዩን ገለጥሁት፤ ምስጥ ከአሁን ወዲያ ቢወጣ በግልጥ ይውጣ፣ አየዋለሁ። ሚስቴ «ለእንቁጣጣሽስ?» አለች። «አይለቀለቅም» አልሁ። «ሰው ምን ይላል?» «ያለውን ይበል።» ሐጂ መጥተው አዩና «ለቤትህ ሱሪ አሳጠርህለት እንዴ?» ብለው ሳቁ። ይሳቁ። በየጠዋቱ ተንበርክኬ ድንጋዩን በባትሪ እያየሁ ነው። ያገኘሁትን የምስጥ መንገድ አፈርሳለሁ፤ ደግሞ ቢሠራ ደግሜ አፈርሳለሁ። እሱ ካልሰለቸው እኔም አይሰለቸኝም።

ሻንጣው ግን በሩ ሥር እንደቆመ ነበር።

የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በቀትር ወረደ። ከነበረዶው ነው፤ ጣራው ጆሮ ይደፍናል። ሚስቴ ወንበር ስባ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል?»

«ዝም በል፣ ላድምጥበት።»

ጣውላው እንደ ልማዱ ሲጥ ሲጥ አለ። በረዶው ሲያባራ ተነሥታ መዶሻዬን አነሣችና ወይራውን በእጀታው መታችው። ደፍ አለ፤ እንደ ሞላ ጎተራ። አንድ ጊዜ ደገመችው። መዶሻውን አስቀመጠችና ወደ በሩ አየች።

«ያን ሻንጣ ከመሬት ላይ አንሣልኝ፤ ምስጥ እንዳይበላው» አለችኝ።

አነሣሁት። ይከብድ ነበር። ለካ ሁሉንም ልብሷን ይዛለች።