ግቢያችን ውስጥ የተተከለችው ድንኳን

ቤት እያላት ውጭ ማደር የሚያምራት ሴት ምን ጎድሏት ነው? ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳይጠይቀኝ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ጣሪያው የማያፈስ ቤት አለኝ። አልጋ አለኝ፤ ከአልጋው ራስጌ እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለኝ። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ በሚሸኙበት ዕድሜ ስለሆነ፣ ያገኘሁትን ነገር አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ሆኖም አንድ ሌሊት ብቻዬን፣ ማንም በማያውቀኝ ሜዳ ላይ ሳላድር የምሞት እየመሰለኝ እግሬ አላርፍ አለኝ። አንድ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ምን እንዳነበብኩ ብጠየቅ ግን አላውቅም።

ድንኳኗን ያገኘኋት አዳማ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ነው። ሻጩ ከጃኬት ክምር ውስጥ መዝዞ አወጣና፣ "እህቴ፣ የሞተር ሳይክል ልብስ ናት። ጠብታ አታስገባም" አለኝ።

"ታዲያ እጅጌዋ የታለ?"

"እጅጌማ ቢኖራት በዚህ ዋጋ ታገኚያት ነበር?"

ከረጢቷ ውስጥ እየተቀጣጠሉ የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ዘንጎችና እንደ ኪሮሽ የቀጠኑ ካስማዎች ነበሩ። ወዲያው አወቅኳት። ማደሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው ከተራራ ተራራ ስለሚዞሩ ሰዎች ብዙ አንብቤያለሁ። ወደ ቤት ስመለስ በሽንኩርት ተራ አልፌ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፤ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ሽንኩርት ሻጯ "ደግሞ ይቺ ምንድን ናት?" ስትለኝ "ቤት ናት" አልኳት። ተሳሳቅን። ለእሷ እንዲህ የቀለለኝ ነገር ለእናቴ ግን ከአፌ አልወጣም።

እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ማታ መድኃኒቷን የምሰጣት፣ እግሯን የማሽላት፣ ስትነሳ የምደግፋት እኔ ነኝ። "አንድ ሌሊት ትቼሽ ልሂድ" የሚለው ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ምን ብዬ ልጀምረው? ሥራ አይደለም፣ ለቅሶ አይደለም፣ ጠበል አይደለም። ከእነዚህ ውጭ ሴት ልጅ ምን ብላ ከቤቷ ርቃ ታድራለች?

ይሁንና ሳልፈትሽ የማምነው ነገር የለም። ድንኳኗ ዝናብ ትችል እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ቧንቧው ውሃ የመጣበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ግቢው መሀል ተከልኳት። እናቴ ደሟ ከፍ ብሎባት ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም ነበር። የውሃውን ጎማ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አስሬ ለቀቅኩትና ገብቼ ዚፑን ዘጋሁ።

ጣሪያዋ አፍንጫዬን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ውሃው ሸራውን ሲደበድበው ግቢው ጠፋ፤ ሰፈሩም ጠፋ። በደረቴ ተንፏቅቄ ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። በእግርጌ በኩል አንዱ ውሃ ያስገባ ነበር፤ የጫማ ማስቲሽ እንደሚያስፈልገው በልቤ ያዝኩ። ከዚያ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ከብዙ ወራት በኋላ እግሬ ያረፈው ያኔ ነው።

"ዋይ! ዋይ! እማማን! ደጓን እማማን!"

ዚፑን ከፍቼ በእንብርክኬ ወጣሁ። ከፊቴ የቆሙት ሴቶች ጮኸው ወደ ኋላ ሸሹ።

ለካ ጎረቤታችን ልብስ ልታሰጣ ፎቅ ላይ ወጥታ ድንኳኗን አይታ ኖሯል። እኛ ሰፈር፣ ሰው ታሞ በተኛበት ግቢ ድንኳን ከታየ "ምን ተፈጠረ?" ብሎ ስልክ የሚደውል የለም። ነውር ነው። ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል። እሷም ለቀጣዩ ቤት፣ ቀጣዩ ቤት ለእድሩ ነግረው ግቢው ሞልቷል። እኔም ከራሴ እስከ እግሬ ርሼ ቆሜያለሁ።

"ማንም አልሞተም" ልል አፌን ስከፍት የቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ለቅሶውን ሰምታ፣ እሷም ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በከዘራዋ እየተደገፈች ወጣች።

"ወይኔ፣ ማን ነው? የማን ቤት ነው?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን፣ "እማማ… እርስዎ ነዎት" አለች።

"እኔ?" አለች እናቴ። ነጠላዋን አቀናችና ድንኳኗን አየቻት። "ታዲያ ለእኔ የተተከለው ይቺ ናት?"

የእድሩ ዳኛ ጎንበስ ብለው በበሯ ወደ ውስጥ አዩ። "አንድ በአንድ እየገባን ልናለቅስ ነበር መሰለኝ። እኔማ እግሬ ውጭ ይቀራል።"

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አልቅሰው ያልጨረሱት ሳይቀሩ ሳቁ። እናቴ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠችና፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰና ማን እንባ እንዳልወጣው ስትጠይቅ አመሸች። ነገር ግን ሰዎቹ ሳይበተኑ ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ "ግን ለምን ተከልሻት?" አሉኝ። ሁሉም አዩኝ።

"ላናፍሳት ነው" አልኩ።

እናቴ ብቻ ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ።

ስፌቱን በማስቲሽ ለጥፌ ሲደርቅ፣ ለነፋስ ፈተና ላንጋኖን መረጥኩ። "ሄጄ እመጣለሁ" ብቻ ብዬ በጠዋት ወጣሁ። ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። ከመዝናኛዎቹ አጥር አልፌ፣ ግራር ከበዛበት ባዶ ዳርቻ ደረስኩና የወደቀውን እሾህ በእጄ ለቅሜ ተከልኳት። አፈሩ አሸዋ ስለሆነ ከሐይቁ የመጣው የመጀመሪያ ነፋስ ካስማዎቹን ነቃቅሎ ከድንኳኗ ኋላ እንደ ዶሮ አባራሪ አስሮጠኝ። በሁለተኛው ሙከራ ፌስታሎች በአሸዋ ሞልቼ፣ ገመዶቹን ከእነሱ ጋር አስሬ ቀበርኳቸው። ሸራው ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ፤ ግን ቆመች።

ፍየሎች የምትጠብቅ ጎልማሳ ሴት መጥታ ራቅ ብላ ስታየኝ ቆየች። "አከም ጅርታ?" አልኳት። ሰላምታዬን በኦሮምኛ መልሳ የቀረውን በአማርኛ አደረገችው።

"ቤት የለሽም?"

"አለኝ።"

"ባልሽ ነው ያባረረሽ?"

"ባል የለኝም።"

"ታዲያ ማን አባረረሽ?"

"ማንም።"

ሸራውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አሸችው። "ይቺን ጅብ አፉን ይጠርግባታል" አለችና እየሳቀች ፍየሎቿን ተከትላ ሄደች።

ያባረረኝ እንደሌለ የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን ለሙከራ ውስጥ ገብቼ ስጋደም መተኛት አቃተኝ። ነፋሱን አልፈራሁም፤ ጅቡንም እንደዚያው። ፀሐይዋ ባዘቀዘቀች ቁጥር እናቴ ከዘራዋን ስትፈልግ፣ የመድኃኒቷን ቢልቃጥ ለመክፈት ስትታገል ይታየኛል። ደግሞ ወዲያው፣ እንዳልሄድ የከለከለኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኛል። አልጠየቅኩማ! ሳልጠይቅ ተከልክዬ ነው የኖርኩት። ፌስታሎቹን ቆፍሬ አወጣሁ፣ ድንኳኗን ጠቀለልኩና አስፋልት ዳር ወጥቼ ሚኒባስ ጠበቅኩ። እስከ አዳማ ድረስ እግሬ አላርፍ ብሎ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ሲያስቸግር ነበር።

በማግስቱ፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መግቢያ ፈልጌ ሳጣ ዝም ብዬ ተናገርኩት።

"እማዬ፣ አንድ ሌሊት ብቻዬን ውጭ ማደር እፈልጋለሁ። ላንጋኖ። ሥራ የለኝም እዚያ። ማንም አይጠብቀኝም።"

ጣቶቿ ቆሙ። "ከእኔ ለመራቅ ነው?"

"አይ" አልኩ። እንዳልኩትም ትክክል እንዳልሆነ ታወቀኝ። "ትንሽ አዎ። አንቺን ጠልቼ ግን አይደለም።"

ጠጠር አገኘችና ወደ ግቢው ወረወረችው። ሌላም ፈለገች። እኔ ልታለቅስ ነው ብዬ ፊቷን አያለሁ።

"አንቺ ሥራ ስትሄጂ እኮ" አለች ቀና ሳትል፣ "በሩን ከውስጥ የምቀረቅረው ሌባ ፈርቼ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ዝም ብዬ ልቀመጥ ብዬ ነዋ። 'እማዬ በላሽ? እማዬ ጠጣሽ? እማዬ እግርሽን ዘርጊ።' ሰው እኮ ይደክመዋል ልጄ።" ሰፌዱን አነሳችና አራገበችው። "ጎረቤት መጥታ መድኃኒቱን ትስጠኝና ትሂድ። መቼ ነው የምትሄጂው?"

"አርብ" አልኩ።

"ቅዳሜንም እደሪ" አለችኝ።