በቅቤ የለፋው ጃኬቴ

የሄድኩ ለታ ማታ አባቴ ቆዳ እየረገጠ ነበር። ሌላው አባት ልጁ ባሕር ማዶ ስትሄድ ጎረቤት ሰብስቦ ያስመርቃል። የእኔው ግን ለማግስቱ አደርሳለሁ ብሎ ቃል የገባው ቁርበት ስለነበረበት፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ታችኛው ሰፈር ዳር ካለችው ቤታችን ጓሮ፣ አግዳሚውን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ፣ በቅቤ የራሰውን የበሬ ቆዳ በባዶ እግሩ ሲያሽ አመሸ። እኔም ሻንጣዬን ዘጋግቼ ወጣሁና ጫማዬን አውልቄ ከጎኑ ገብቼ ረገጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ጋር የምናወራው እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን አይደለም፣ ጎን ለጎን እየረገጥን ነው።

«የምትሄጂበት አገር ይበርዳል አሉ» አለኝ።

«ይበርዳል አባባ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያ ደመወዝሽን ለእኔ እንዳትልኪ። ቆዳ ገዝተሽ ልበሺ። ስትገዢ በዓይንሽ ብቻ አትግዢ፤ ጨብጠሽ ልቀቂው። ተጨማዶ ከቀረ ተይው። ቀስ እያለ ከተመለሰ ዕድሜ አለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ። ቂምሽን እዚሁ ተይልኝ።»

መርገጤን ቀጠልኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን መዘኑት፣ ከፈቱት፣ የቃሪያ ዳጣዬን አሸተቱት፣ የሽፈራው ዱቄቴን ምንድነው ብለው በጣት ቀመሱት። ቂሜን ግን ማንም አልመዘነውም፤ እንደያዝኩት ኢስታንቡል ገባሁ።

ቂሜ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአገሬ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው ግን ላያውቅ ይችላል። እኛ ከጨንቻ ደጋ የወረድን የቆዳ ሠሪ ዘር ነን። አባቴ ያለፋው ቁርበት ላይ ያልተኛ፣ አባቴ ባወጣው ጠፍር አልጋው ያልተጠፈረ በእኛ በኩል ጥቂት ነው። ቁርበቱን ይወስዳሉ፣ አባቴን ግን በር ላይ ነው የሚያነጋግሩት። ቤታችን መጥቶ እህል የሚቀምስ የለም። የምንጠራበትንም ቃል ታውቁታላችሁ፤ ፋቂ ይሉናል፣ ቀስ ብለው፣ እኛ የማንሰማ እየመሰላቸው።

ታደለን የወደድኩት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያደገ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ ሳቂታ። «ዘመኑ እኮ ተለውጧል» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እናቱ ቤት ሄድኩ። እናቱ እትዬ አስካለ በፈገግታ አስገቡኝ። ለሁሉም በብርጭቆ ለስላሳ ቀዱ፣ ለእኔ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ሰጡኝ። እንግዳ አክባሪ መሰሉኝ። ጠጥቼ ስወጣ ዞር ብል፣ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ወደ ቆሻሻ ሲወረውሩት አየኋቸው። በሳምንቱ ታደለ መጣ። «እናቴ የቆዳ ሽታ ከደም አይለቅም አለች» አለኝ። «አንተስ ምን አልክ?» ስለው ጫማውን አየ። «እናቴን ምን ላድርጋት።» ይኸው ነው። የወጋ ይረሳ ይሆናል፤ እኔ ግን ያ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ዛሬም ይሰማኛል።

ኢስታንቡል ደግሞ ብርድ አይደለም ያለው፣ ጠላት ነው። የጨንቻ ጉም እንኳ ሰው ያውቃል፤ ማለዳ ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። የዚህኛው ከባሕሩ ተነስቶ ከእጅጌሽ ይገባና እዚያው ይከርማል። አሳቸው የሚሸት ወደብ ላይ ስቆም የጫሞ ሐይቅ ትዝ ይለኛል፤ የጫሞ አሳ ግን ከነፀሐዩ ነው የሚመጣው።

መኖሪያ ፈቃድ የሚሰጡበት ቢሮ የሄድኩ ቀን ያጋጠመኝን ስሙኝ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ሳያነሳ «አባትሽ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ዴሪ» አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋ ቆዳ ማለት ነው።

አንገቱ ቀና አለ። «ዴሪ? ፋብሪካ አለው?»

«ፋብሪካ የለውም። ሁለት እግር ነው ያለው።»

ሳቀ። «ሀብታም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ከጎኑ ለተቀመጠው ነገረው። እሱም ተንጠራርቶ አየኝ፤ ሰውዬው ዞሮ ወጥቶ ወንበር አቀረበልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቴን ሥራ ሰምቶ ወንበር የሳበልኝ ሰው ይኸው ነው።

«ታዲያ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ሆነሽ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«የሆቴል ሽንት ቤት ላጥብ።»

እንደገና ሳቀና ማህተሙን መታልኝ። እኔ ግን ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ወንበሩ ነው ያስለቀሰኝ።

የመጀመሪያ ደመወዜን እንደያዝኩ ቆዳ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ሄድኩ። ሻጩ ጢሙን የተላጨ ወሬኛ ነው፤ «አብላ፣ አብላ» እያለ፣ እህት ዓለም እንደማለት ነው፣ የሴቶቹን ጃኬት አንድ በአንድ አወረደልኝ። ቀጫጭን፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚያብለጨልጭ። ጨብጬ ለቀቅኩት፤ እንደ አሮጊት ፊት ተጨማዶ ቀረ። ሌላውም፣ ሌላውም። ጥጉ ላይ አንድ ጥቁር ቡኒ ወፍራም ጃኬት ተሰቅሏል። ጨበጥኩት። ቀስ እያለ፣ እየተንጠራራ ተመለሰ።

«አብላ፣ ይሄ የወንድ ነው።»

«በሬውም ወንድ ነበር» አልኩት።

ዋጋው ላይ በአገሬ ወግ ሦስት ጊዜ ከበር ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ «ውሰጂው፣ ደክሞኛል» ብሎ አለበሰኝ። መስታወቱ ውስጥ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ቆማለች። ያቺን ሴት እትዬ አስካለ ባዩዋት ብዬ ተመኘሁ። እውነቴን ነው፤ ከሙቀቱ በፊት የመጣልኝ ሐሳብ እሱ ነው።

ግን ጃኬቱ አልታጠፍም አለ። ክንዴን ባጠፍኩ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። አውቶቡስ ላይ የመክፈያ ካርዴን ማሽኑ ላይ ለማስነካት እጄን ስዘረጋ ሰው ሁሉ ይዞራል። አንገቱ አንገቴን ላጠኝ። በሆቴሉ የሚሠሩት ልጆች «ሮቦት መጣች» ይሉኛል። ለቆዳ የሚሸጥ ክሬም አለ፣ ቅባት አለ ብሎ የመከረኝ ሰው ነበር። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ። ከሱቅ ቅቤ ገዛሁ፣ አቅልጬ ከውስጥም ከውጭም አጠጣሁት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ አንጥፌ፣ የፎጣ መስቀያውን ይዤ መርገጥ ጀመርኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እረግጣለሁ፤ ከዚያ ካሎሪፈሩ ላይ፣ ቤቱን የሚያሞቀው ብረት ላይ ማለቴ ነው፣ እሰቅለዋለሁ። የእኛ ቤት ቆዳ በነፋሻ ጓሮ እንደሚደርቅ፣ የእኔ ክፍል ግን ከነመስኮቱ የታሸገ ሳጥን እንደሆነ ማን ያስታውሰኝ?

አከራዬ ሀቲጀ ቴይዜ፣ ቴይዜ አክስት ማለት ነው፣ በሩን ደበደቡት።

«ቤቴ ውስጥ ምን ሞተ?»

«ምንም አልሞተም ቴይዜ። ጃኬቴ ነው።»

«ጃኬትሽ ሞተ?»

«እያለፋሁት ነው።»

አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘው ገብተው ወለሉን አዩ፣ እግሬን አዩ፣ ከጣቶቼ መሃል የሚያብለጨልጨውን ቅቤ አዩ። «እኛ አገር ሰው የሚረግጠው የጠላውን ነው» አሉ።

«እኛ ቤት የወደድነውን ነው።»

«ወይ ሽታው ይወጣል ወይ አንቺ ትወጫለሽ።»

ሽታ። ይህን ቃል ሴቻ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ጃኬቱን በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ነፋስ መታው፣ ዝናብ እንዳይነካው ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ አስገባሁት። ሽታው ቀነሰ እንጂ አልለቀቀም። ከኮሌታው ሥር፣ ከብብቱ በኩል፣ አባቴ ጓሮ ያለ ነገር ይሸታል። ሌላው ይሸሸዋል፤ እኔ አውቶቡስ ላይ አንገቴን ቀብሬ እምገዋለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ጃኬቱ ሰው ሆነ። ክርኑ የእኔን ክርን ያዘ፣ ኪሱ የእኔን ጡጫ ያዘ፣ መጮሁንም ተወ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ፎቶውን ሁሉም አየው። እትዬ አስካለም አዩት። በሚቀጥለው ብርድ መግቢያ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ፣ ድምፅሽ ናፍቆኝ እኮ ነው!»

ድምፄን ሰምተውት የሚያውቁት አንድ ቀን ነው፤ ለስላሳው ጥሩ ነው ያልኩ ቀን።

«ደህና ነኝ እትዬ። ምን ልታዘዝ?»

«ይኸውልሽ፣ ታደለን ጨንቻ መደቡት። ከሴቻ በሞተር ነው የሚመላለሰው። ጉሙ፣ ብርዱ፣ ደረቱን ሊገለው ነው። ሐኪሙ ወፍራም ነገር ልበስ ብሎታል። እዚህ የሚሸጠው ፕላስቲክ ነው ልጄ፣ በሁለት ቀን ይላጣል። የአንቺን ፎቶ አይቼ፣ ይሄ ነው ኦሪጅናል ቆዳ አልኩ። ለታደለ እንዲያው እንዲህ ያለ…»

እግዜር ይመስገን አልኩ በልቤ። ጠላቴን እጄ ላይ ጣለልኝ።

«እልካለሁ እትዬ። ስጦታ ነው፣ ሳንቲም አልቀበልም። ግን አባቴ ቤት ነው የሚደርሰው።»

«አባትሽ ሰው ይስደድልኛ።»

«አይሰድም። እርስዎ ከታደለ ጋር ይሄዳሉ። በር ላይ አይሰጥም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የቀረበውን ይበላሉ። ከዚያ አባቴ በእጁ ያለብሰዋል።»

እትዬ ወዲያው ማቃሰት ጀመሩ።

«ወገቤን ያመኛል ልጄ፣ ቁልቁለቱ…»

«ሚኒባስ አለ እትዬ።»

አዲስ ጃኬት መግዛት እችል ነበር። የእኔን ላክሁት። የእኔ ክርን ያለበትን፣ ቅቤው የማይለቀውን። በየማለዳው ጉም ውስጥ ሞተሩን ሲያስነሳ አፍንጫው ሥር ያ ሽታ እንዲኖር፣ ልብሱ ላይ፣ ቆዳው ላይ እንዲያድር ፈለግሁ። ወደ አገር የሚገባ ነጋዴ ወሰደልኝ። ለአባቴ ምንም አላብራራሁለትም፤ «እንግዳ ይመጣል፣ አብሉት፣ ጃኬቱንም በእጅህ አልብሰው» ብቻ አልኩት።

እሑድ ቀን ነው። ታናሽ እህቴ ምሕረት በቪዲዮ ደወለችልኝና ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆመችው። እዚህ በረዶ እየጣለ ነው፣ የሀቲጀ ቴይዜ ካሎሪፈር ተበላሽቷል፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደራርቤ ብርድ ልብስ ተከናንቤያለሁ። እዚያ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

እትዬ አስካለ ደጁ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ታደለ ከኋላቸው ነው፣ ወፍሯል። አባቴ «ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ» አለ። እግራቸውን አነሱ፣ መለሱ፣ አነሱ። ገቡ።

ምሕረት ኩርኩፋ አቀረበች፤ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ነው፣ ዳጣ በጎኑ። እትዬ አስካለ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንደ መድኃኒት ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጧት። ሁለተኛዋን ቀስ ብለው። ዳጣው ሲያቃጥላቸው እንባቸው መጣ። እኔ እዚህ ብርድ ልብሴን ጨምቄ ይዣለሁ። የዓመታት ጥሜ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ ጠጣሁት።

«ዳጣው የማን እጅ ነው?» አሉ እትዬ።

«የእኔ» አለች ምሕረት።

«እሳት ነሽ አንቺ። እስቲ ጨምሪልኝ።»

አባቴ ጃኬቱን አመጣ። ታደለን ሲያለብሰው እትዬ ኮሌታውን አሸተቱ። «ምንድነው የሚሸተው?»

«ቆዳ ነዋ» አለ አባቴ። «ቆዳ ይሸታል።»

እትዬ አንዴ አባቴን አዩት፣ አንዴ ሳህናቸውን። «አዎ፣ ይሸታል» አሉና ጎረሱ። ታደለ ቀድሞ ሳቀ፣ ቀጥሎ ምሕረት፣ ከዚያ እትዬ ራሳቸው። ወሬው ወደ ሙዝ ዋጋ ሄደ፣ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ጨንቻ መንገድ። አባቴ «ብሉ፣ ብሉ» ይላል። ሁሉም ውስጥ ናቸው። ስልኩ መስኮቱ ላይ እንደቆመ ማንም ያስታወሰ የለም።

«ምሕረት» አልኩ። አልሰማችኝም።

ሲወጡ አባቴ የጃኬቱን እጅጌ ይዞ ታደለን አቆመው። ክርኑን ጨበጠ፣ ለቀቀ። እንደገና በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ሸኛቸውና መስኮቱ ጋ መጥቶ ፊቱን ወደ ስልኩ አቀረበ።

«ይሄ ቆዳ የሱቅ አይደለም» አለ። «ሰው ረግጦታል።»

ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ ሳብኩት።

«አሁን አንቺ ምን ለብሰሻል?»

«ሌላ አለኝ አባባ።»

«አሳዪኛ።»

«እዚያኛው ክፍል ነው ያለው።»

«ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«መስመሩ ነው» አልኩት።