በጠመኔ የተሣለች መኪና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ አንድን ነገር ከሥሩ ጀምሬ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን አንድ ነገር ግን ከየት እንደምጀምረው ሳላውቅ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ለማያውቁኝ ለእርስዎ ልናገር። የሰው ደብዳቤ ዋሽቼ አንብቤአለሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ደብዳቤው የጋሽ በቀለ ነበር።

ጋሽ በቀለ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ነው። በወጣትነቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የወደቀ መኪና እየፈታ የአንዱን ዕቃ ለሌላው የሚያስማማ መካኒክ ነበር። ኦስሎ ከመጣ ወዲህ ግን አልናብሩ በሚባል ሰፈር አንድ ላገር፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲያወርድ ነው የኖረው። “ትከሻዬን ለላገሩ ሰጥቻለሁ፤ እጄን ግን አልሰጠሁም” ይል ነበር። ገና በተዋወቅን ቀን “እርስዎ” ስለው ተቆጣኝ። “አንተ በይኝ እባክሽ፤ እርስዎ ስትይኝ በበጋ ካፖርት የደረብሽብኝ ይመስለኛል።” ስለዚህ አንተ እለው ነበር፤ እዚህም እሱ እላለሁ።

ያገናኘን ማስመሪያ ነው። ለእናቴ ደውሎ በማስመሪያ አስተካክሎ የሚሥል ሰው ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ “ልጄ አለችልህ፤ ማስመሪያ ይዛ ነው የተወለደችው” ብላ አሳልፋ ሰጠችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፕሪንስዳል ወደሚገኘው ቤቱ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ከአንድ ገበሬ ጎተራ የገዛው የጥንት ትንሽ የጭነት መኪና ጋቢና ቆሟል። ሻንሲ የለው፣ ጎማ የለው፣ በሩ አይዘጋ። ዝገቱ ቡናማ፣ አንዳንድ ቦታ ብርቱካንማ ነው። ጋሽ በቀለ ሸራውን የገለጠው የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚገልጥ ሰው ነበር።

ሊሠራ ያሰበው ራት ሮድ የሚሉትን ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፦ ከተጣሉ አሮጌ መኪኖች ሞተሩን ከአንዱ፣ ካምቢዮውን ከሌላው፣ ቸርኬውን ከሦስተኛው አውጥቶ፣ በገዛ እጅ በተበየደ ሻንሲ ላይ አንድ ዝቅ ያለች መኪና ማቆም ነው። ቀለም አይቀባም፤ ዝገቱም ብየዳውም ይታያል። ፎቶውን መጀመሪያ ያየው አንድ ኖርዌጂያዊ የሥራ ባልደረባው ስልክ ላይ ነው። “ይኼማ የኛው የሶማሌ ተራ ሥራ ነው!” አለኝ። “ፈረንጅ ስም አወጣለት እንጂ። እኛ ቸግሮን ስንሠራው ማን ፎቶ አነሳን?”

ሥራውን በሥርዓት ያዝኩት። ቀለበት ያለው ትልቅ ፐርም፣ የወረቀት ማኅደር፣ ገዝቼ በየክፍሉ ከፋፈልኩት፦ ሻንሲ፣ ሞተር፣ መሪ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ። ከወረቀት በኋላ ደግሞ መኪናዋን በልኳ ጋራዡ ወለል ላይ ሣልናት። ትምህርት ቤታችን ሰሌዳውን ሁሉ በስማርት ቦርድ ስለቀየረ ቁም ሣጥን ሙሉ ጠመኔ ሥራ ፈቶ ነበር፤ አስፈቅጄ አመጣሁት። ጋሽ በቀለ በእጁ ይሥላል፣ እኔ በሜትር እየለካሁ አርማለሁ። ከዚያ በርጩማውን በተሣለችው መኪና መሐል ያስቀምጥና፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ፣ እግሩን ወደተሣለው ፍሬን ይዘረጋል። “ጉልበቴ ራዲያተሩን ነካ፤ ሞተሩን ትንሽ ወደፊት ግፊው።” እደመስሳለሁ፣ ወደፊት እሥላለሁ። የድስት ክዳን የያዘ ትልቅ ሰው ባዶ ወለል ላይ ተቀምጦ ሲነዳ ማየት ያስቃል። ስቀን አናውቅም አልልም።

አንድ ቀን እጁን ጋደል አድርጎ እያሳየኝ፣ የፊት ጎማው የቆመበት ብረት እንዲህ ወደኋላ ማዘንበል አለበት አለኝ። ለምን? እሱም አያውቅም፤ እንዲያ ካልሆነ መሪው እጅ ላይ እንደሚዋልል እንጂ። “ለምን ይሆን፣ ቲቸር?” ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንብቤ መጣሁ። የገበያ ጋሪን ጎማ አስበው አልኩት፤ ከተሰካበት ቦታ ኋላ ስለሚቀር ጋሪው በሄደበት ራሱን እያቀና ይከተላል። ጋሽ በቀለ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካ። “ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው የኖርኩትን ነገር ዛሬ ምክንያቱን ሰጠሽኝ፤ ተባረኪ ቲቸር” አለኝ።

ያን ቀን ትቬይታ እስካለው ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ክፍሌ ውስጥ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል? በዚህ ዓለም ላይ “ለምን?” ብሎ ጠይቆኝ፣ መልሱን እስክጨርስ ዓይኔን እያየ የጠበቀኝ ሰው ጋሽ በቀለ ነበር። ሰኞ ሲነጋ ቅዳሜን እናፍቅ ጀመር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዕቅዱ ሲያልቅ፣ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መኪና ለሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ሥዕሉንና የዕቃውን ዝርዝር ላክን፤ ማመልከቻውን በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በእኛ ሰዎች ዘንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ባለቤቱ አይከፍተውም፤ ኖርስክ ለሚችል ልጅ ይወሰዳል። ጋሽ በቀለ ቋንቋው አያንሰውም፤ ላገሩ ውስጥ ቀልዶ ያስቃል፣ ከአለቃው ጋር ይከራከራል። የቢሮ ኖርስክ ግን ያስፈራዋል፤ አንድ ቃል ቢያመልጠው ጉድ የሚፈላበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከኮሙኑ ማዘጋጃ ቤትም ይምጣ ከባንክ፣ ፖስታውን እንደታሸገ በፌስታል አድርጎ ይጠብቀኛል። እኔ እከፍታለሁ፣ አነባለሁ፣ በአማርኛ እነግረዋለሁ። እሱ ወረቀቱን አያይም። ፊቴን ነው የሚያየው።

የዚያ መልስ የመጣው በረዶው ከጣሪያ እየቀለጠ በሚንጠባጠብበት ሰሞን ነው። ፖስታውን እየሰጠኝ እንዲህ አለ፦ “ፈቃዱ ከሆነ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እኔና ሀብቶም ብየዳ እንጀምራለን። አንቺንም አደከምንሽ፤ ከዚህ ብረታ ብረት ትገላገያለሽ።” ሀብቶም የላገር ጓደኛው ነው፤ ብየዳ ያውቃል። ጋሽ በቀለ ይህን ያለው ለእኔ አዝኖ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ቅዳሜ ሊወሰድብኝ እንደሆነ ሰማሁ።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግልጽ ነበር። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ፊቴን እያየ፣ “ተጨማሪ ሥዕል ይፈልጋሉ” አልኩት።

ሦስት ቃል ናቸው። ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ሊዋሽ ይችል ይሆን? የምን ሥዕል ሲለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ የመቀመጫውን አልኩ። ይናደዳል ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ አለው። “አዎ! ይጠይቁ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው!” ብሎ ወዲያው ጠመኔውን አነሳ። ላገር ሄዶም መሥሪያ ቤቱ ሥዕሉን ወዶለት ጨምር እንዳለው አወራ። እኔ ዋሸሁ፣ እሱ ኮራ። ከዚህ የከፋ ነገር ምን አለ?

እስከዚያ ቀን መኪናዋ አንድ ወንበር ብቻ ነበራት፤ ጋቢናው ጠባብ ስለሆነ መሐል ላይ አድርገነው ነበር። ጋሽ በቀለ መቀመጫውን እንደ አዲስ ሲያስብ የራሱን አንድ ስንዝር ወደ ግራ ገፋና፣ ከጎኑ ሌላ ክብ ሣለ። የማን ነው ስለው፣ “ታዲያ ቲቸር በእግሯ ልትከተለኝ ነው?” አለኝ። ካምቢዮውን ሁሉ ለዚያ ወንበር ሲል አዛወረው። ከአሮጌ የእርሻ ማሽን ላይ የብረት መቀመጫ አገኘ፤ ጠርዙ እንዳይቆርጠኝ ሞረደው፣ በቆዳ ቀበቶው ከፈፈው። በውሸቴ ውስጥ ቦታ ሠራልኝ። የዚያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አዲሱን ሥዕል ልኬዋለሁ ብዬ፣ መልስ ልጽፍበት ብዬ ከወሰድኩት ደብዳቤ ጋር ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ልብሴ ሥር አስቀመጥኩት። በመጸው ደግሞ የፍሬኑን ዝርዝር ጠየቁ አልኩ። ዳግመኛ ዋሸሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያዝኩት። እነዚያ ቅዳሜዎች በሕይወቴ ከኖርኳቸው ቀኖች ሁሉ የጣፈጡ ነበሩ። ይህንንም ካልተናዘዝኩ ኑዛዜዬ ሙሉ አይሆንም፤ ጣፍጠውኛል።

በበጋው መግቢያ አልናብሩ ሥራ ላይ የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምናው የሚቻለውን ያህል ረዳው፤ ክንዱ ግን ከደረቱ በላይ አልወጣም። ሻንሲ ሲበየድ ግማሹ ሥራ ከሥር ተኝቶ ነው፤ ክንድ ወደላይ ተዘርግቶ ሳይንቀጠቀጥ መቆየት አለበት። ሀብቶም ሊጠይቀው መጥቶ፣ “አንተ ወንበር ላይ ሆነህ ስደበኝ፤ እኔ እበይዳለሁ” አለው። ጋሽ በቀለ ሳቀና ራሱን ነቀነቀ። “አይ፣ ሀብቶሜ። ሌላ ሰው የሠራውንማ ገዝቼም እነዳ ነበር።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ያዘንኩ መስሎት፣ ያጽናናኝ ጀመር። “እነሱም እኮ ጥንቃቄያቸው ነው፣ አትፍረጂባቸው። የኔ ትከሻ ነው የቸኮለው።”

እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ።

ጋቢናውን አንድ ወጣት ተጎታች ይዞ መጥቶ ገዝቶ ወሰደው። ሲሄድ ጋሽ በቀለ የውሃ ጎማ በግራ እጁ ይዞ ወለሉን አጠበ። መጀመሪያ ባሌስትራው፣ ከዚያ ሞተሩ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ወንበሮች፣ ነጭ ውሃ ሆነው ወደ ቱቦው ወረዱ። ልርዳህ አላልኩትም። ስወጣ የብረቱን መቀመጫ አሸከመኝ። “ያንቺንማ አልሸጥም” አለ።

መቀመጫው ትቬይታ ቤቴ መግቢያ ላይ አለ። እስካሁን አልተቀመጥኩበትም። ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ እጄ ዛሬም ጠመኔ ይፈልጋል፤ ያን የቀዘቀዘ ጋራዥ፣ ያን “ለምን?” የሚል ድምፅ እናፍቃለሁ። ግን የምን መብት ኖሮኝ ነው የምናፍቀው? ራሴ የሰረቅኩትን?

ሰበብ ደርድሬ አይቻለሁ፤ መደርደር ልማዴ ነው። ወጣት ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ፣ ትከሻው እንደሚጎዳ በምን አውቄ፣ አሁን ብናገር ክንዱ አይመለስ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ደብዳቤውን በትክክል አያነብም። የሰው ሰውነት የሰጠውን የመጨረሻ አንድ ዓመት፣ እጁ ገና እጅ ሳለ፣ ለራሴ ቅዳሜ ብዬ በላሁበት። ይቅርታውን እርስዎ ሊሰጡኝ አይችሉም፤ እሱንም ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቀውም፣ ወዲያው ይለኛልና። ከእኔ የሚፈለገው ማንበብ ብቻ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ፕሪንስዳል እሄዳለሁ። ደብዳቤውን ከክረምት ልብሴ ሥር አውጥቼዋለሁ። ፊቴን ያየኛል፤ ይየኝ። ክፍል ከመግባቴ በፊት እንደማደርገው፣ ድምፄ እንዳይሰበር አንድ ጊዜ እዚህ ልለማመደው። በአማርኛ እንዲህ ይላል፦

“የላኩልን ሥዕልና ዝርዝር የተሟላ ነው። ሌላ ምንም አንጠይቅዎትም። ሥራዎን መጀመር ይችላሉ።”