ኖራ ድንጋይና ጀሶ

ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ይቅር አላልኩትም፤ አሁንም አልልም።

አባቴ በደርግ ጊዜ የነገሌ ጦር ሰፈር ወታደር ነበር። ወደ ፊልቱ ስንቅ ጭኖ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞተና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከባልደረቦቹ ጎን ተቀበረ። ያኔ በወታደር መቃብር ላይ የሚተከለው የእንጨት መስቀል ነበር። የቆላ ምስጥ ደግሞ መስቀል ነው ብሎ አይምርም፤ ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። እናቴ የሰሜን ሰው ናት፤ ነገሌ ውስጥ ዘመድ አልነበራትም። የባለቤቴ ወገኖች አንድ ቀን መጥተው የት ነው ያረፈው ቢሉኝ ምን አሳያለሁ ብላ የጆሮ ወርቋን ሸጠች፤ ስሙ የሚቀረጽበት ድንጋይ ልትገዛ።

ድንጋይ የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እህል አራግፈው ከፊልቱ ባዶ በሚመለሱ መኪኖች ነጭ ድንጋይ እያስጫነ ግቢው ውስጥ ይከምራል፤ ለመቃብር የሚሆነውንም እያስቀረጸ ይሸጣል። እናቴ፣ ጋሼ የማይጠፋ ይሁን፣ ኖራ ድንጋይ ይስጡኝ ብላ ለመነችው። ይኸው ብሎ ሰጣት። ጠራቢው ስሙን በአንድ ከሰዓት ቀርጾ ሲጨርስ ደስ አላት። ድንጋዩ ለምን እንዲህ እንደለሰለሰ የጠየቀ የለም።

አባወራው የሞተበት ቤተሰብ በጦር ሰፈሩ አይቆይም ነበርና አስወጡን። ሜጋ ወርደን መንገድ ዳር ሻይ እየሸጥን ጥቂት ዓመታት ቆየን። ነገሌ ተመልሰን ወደ መቃብሩ ስንሄድ የጋና ዝናብ፣ ያ በሚያዝያ የሚወርደው ትልቁ ዝናብ፣ የአባቴን ስም እንደ ልብስ ሳሙና አሟሙቶታል። የእሱን ብቻ አይደለም። ሌሎቹም መበለቶች ከዚያው ሰው ነበር የገዙት፤ በላይ በላዩ አዲስ መቃብር ተጨምሮ ረድፉ በሙሉ ነጭና ባዶ ሆኗል። እናቴ በሁለት ድንጋዮች መሃል ተቀመጠች። የትኛው ስር እንዳለ ስላላወቀች ለሁለቱም አለቀሰች።

ሰውየው ዘንድ ሄድን። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

"ሴትዮ፣ ነጭ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው" አላት።

ዝናቡን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም ብሎም ጨመረ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ብዙም አልቆየች፤ የባሏን መቃብር ሳታውቅ ሞተች።

አንድ አለመሆኑን የተማርኩት ከዓመት በኋላ ነው። የሳይንስ መምህራችን ሁለት ነጭ ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለቱም የባሕር ልጆች ናቸው ሲለን ክፍሉ ሳቀ፤ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ቀኑን ሙሉ የምንሰለፍ ሰዎች ነበርንና። ኖራ ድንጋይ የባሕር እንስሳት ዛጎል ተጠራቅሞ የጠጠረ ነው። ጀሶ ግን ጨዋማ ውሃ ሲደርቅ ከታች የሚቀረው ነው፤ ስለዚህ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ሎሚ ጨመቀባቸው፤ ኖራው አረፋ ደፈቀ፣ ጀሶው ዝም አለ። በጥፍሩ ጫራቸው፤ ጀሶው ተፋቀ፣ ኖራው ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ሲንጫጩ እኔ የእናቴ ነጠላ ነበር የሚታየኝ።

በገበያው ቀን ሎሚዬን ይዤ ሰውየው በር ላይ ቆምኩ። "አካም፣ ናጋ?" እያልኩ አላፊውን አስቆምኩ፤ ላየልኝ ሁሉ በሰውየው ድንጋይ ላይ ጨመቅሁ፣ ጫርኩ። እሱ በኢኮኖሚ አሻጥር ሊያስከስሰኝ ቀበሌ ሮጠ። ሊቀመንበሩ ግን የወንድሙን ሐውልት የገዛው ከእሱ ነበርና ክሱን ትቶ ሎሚ አስመጣ። ከዚያ ወዲያ ሎሚ ሳይዝ ድንጋይ የሚገዛ ጠፋ፤ ጀሶው ግቢው ውስጥ ተከምሮ ቀረ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ክምሩን እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ግን አልበቃኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደርግ ሊወድቅ ሰሞን ሰውየው ሞተ። ሚስቱ ከግቢዋ እምብዛም የማትወጣ ሴት ነበረች። ከባሏ ክምር ትልቁን ድንጋይ አስመርጣ ጠራቢ ካቆመች በኋላ፣ ስለ እኔ ድንጋይ ታውቃለች ሲሉ ሰምታ አስጠራችኝ። ሎሚው ኪሴ ውስጥ ነበር። ድንጋዩን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ነጭ ዱቄት ጥፍሬ ስር ገባ።

"ልጄ፣ ስሙ እንዳይጠፋብኝ ነው። ይሄ ይሆናል ወይስ ሌላ ይሻላል?" አለችኝ።

"እትዬ፣ ነጭ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ጋና በገባ ቁጥር ጃንጥላዬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። የስሙ የመጨረሻ ፊደል የጠፋ ዕለት ወደ ወታደሮቹ ረድፍ ዞርኩ። አባቴ የትኛው ስር እንዳለ ስለማላውቅ ለሁሉም ነገርኳቸው።